በአስር ይካፈላል

ማርች 20

ዛሬ ሌባ ተባልኩ። በዚህ ቃል አይደለም፤ ኢንጂነር ገርጂኮቭ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አያወጣም። "መረጃው በአንቺ በኩል ሳይወጣ አይቀርም" ነው ያለኝ፣ የኃላፊ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ እስክሪብቶውን እየከፈተና እየዘጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሙኒስቶቹ ከገበሬው የወሰዱትን መሬት ለባለቤቶቹና ለወራሾቻቸው የሚመልሰው የእኛ ቢሮ ነው። የትኛው ቁራሽ ለማን እንደደረሰ የሚናገረው መዝገብ ያለው እኛ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ለሕዝብ የሚለጠፈው ገና በኤፕሪል መጨረሻ ነበር። ግን አንድ ከሶፊያ የመጣ ኩባንያ ሰሞኑን ኦሬሾቮ መንደር ገብቶ፣ ፍልውሃው አጠገብ ቦታ የደረሳቸውን ሰዎች ብቻ እየመረጠ፣ ቤት ለቤት ያስፈርማል። ሰዎቹ ቦታው የእነሱ መሆኑን እንኳ አልሰሙም። ኩባንያው ግን የወራሹን ስም፣ የቁራሹን ቁጥር፣ ስፋቱን፣ ሁሉንም ይዟል። የማይረባ ድንጋያማ መሬት ነው እያለ ከእጃቸው ይገዛል።

መዝገባችን ወጥቷል ማለት ነው።

"ማርች 9፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ አንድ እስከ ሰባት ሰዓት ከአራት፣ በሞደሙ መስመር ወደ ሶፊያ ተደውሏል" ብሎ የስልኩን ዝርዝር ገፋልኝ። ሞደሙ ኮምፒውተራችንን ከስልክ ሽቦ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን ነው። "የምሳ ሰዓት ነው። ቢሮ ውስጥ ማን ነበር?"

"እኔ ነበርኩ።"

"ምን ላክሽ?"

"የግል ደብዳቤ።"

ሳቀ። "ሃያ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ደብዳቤ! ፍቅረኛሽ ማንበብ የሚወድ ሰው ነው ማለት ነው።"

መልስ ነበረኝ፤ ግን ዋጥኩት። የላክሁት ለዶክትሬት ትምህርት ያመለከትኩበትን ወረቀትና የመመረቂያ ጽሑፌን ነው፣ ሶፊያ ያሉት የዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ ወደ ኦስትሪያ እንዲያስተላልፉልኝ። ይህን ብናገር ምሽቱን እማ ጆሮ ይገባል። እማ ልሄድ መሆኔን አታውቅም።

በቢሮው ስልክ መላክ አልነበረብኝም። ይህ እውነት ነው። ይህን ያህል ብቻ አጥፍቻለሁ።

ማርች 21

ታገድኩ። ቁልፍ አስረከብኩ። ጸሐፊዋ ስታስፈርመኝ ቀና ብላ አላየችኝም፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት በሴቶች ቀን ምሳ ላይ እጄን ይዛ የምትጨፍረው እሷ ነበረች። ለእማ ነገ እነግራታለሁ።

ማርች 22

አልነገርኳትም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰማችው።

ሌሊያ ፔና ከፊታችን ቆመው ነበር፣ የኦሬሾቮዋ ባልቴት። ከአሥር ቀን በፊት ፈርመዋል። ዞር ብለው በጣታቸው አመለከቱኝ። "ዞርኒትሳ ያቺ ናት። በስልክ የሸጠችን።" ሰልፉ ሁሉ ዞረ። እማ ዳቦዋን ተቀብላ፣ መልሷን ሳትወስድ ወጣች።

ቤት እንደገባን ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ "እውነት ነው?" አለችኝ።

"አይደለም።"

"ታዲያ በሰው ቢሮ ስልክ ምን ታደርጊ ነበር?"

ነገርኳት። የኦስትሪያዋ ግራትስ፣ ሦስት ዓመት፣ ምናልባትም አራት። የባቄላ ሾርባውን ማማሰያ አንስታ ድስቱን ስታማስል ቆየች፤ እሳቱ ግን አልተለኮሰም ነበር።

"እንግዲያው ሌብነቱ ይሻለኝ ነበር" አለች።

ማርች 24

የክሱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ማስረጃው ሦስት መስመር ነው፤ በኢንጂነሩ እጅ የተጻፈ፣ ከታቹ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት። ሞደሙ በሰከንድ 28.8 ኪሎ ያሳልፋል። ጥሪው 1380 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 39 ሺህ 744 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 40 ሜጋ። መዝገቡ 31 ሜጋ ነው፤ "ተርፎት ይገባል።"

ኪሎ ምን? ኪሎ ሽንኩርት? ይህ ሰው ኢንጂነር ይባላል!

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ኪሎቢት ነው። መዝገቡ የተለካው በሜጋባይት ነው። መንገዱን በክንድ ለክቶ መልሱን በሜትር እንደሚናገር ሰው ነው የቆጠረው። ቢት ማለት አንድ "አዎ" ወይም አንድ "አይደለም" ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይናገርም። ስምንት ቢት ሲሰበሰብ አንድ ባይት ይሆናል፣ አንድ ፊደል እንበለው። በእኛ አሮጌ መስመር ደግሞ ፊደሉ ብቻውን አይሄድም፤ ከፊቱ "መጣሁ" የሚል አንድ ቢት፣ ከኋላው "አለፍኩ" የሚል አንድ ቢት ይታከልበታል። ስምንቱ አስር ሆነ። ስለዚህ የሞደም ፍጥነት ወደ ባይት ሲመለስ በስምንት እንኳ አይካፈልም። በአስር ይካፈላል።

ይህን ያስተማሩኝ ላምቢ ናቸው፣ ባይ ላምቢ እያልኩ በአክብሮት የምጠራቸው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ በወጣቶች ቤት ምድር ቤት፣ የሬዲዮ ክበብ ውስጥ፣ ከአሥራ አራት ወንዶች ጋር ብቸኛዋ ሴት። "ቁጥር ሲነግሩሽ ቶሎ አትቀበዪ ልጄ። መጀመሪያ 'የምን?' ብለሽ ጠይቂ" ይሉኝ ነበር። አባት አልነበረኝም፤ እሳቸው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በእሳቸው ምክንያት ነው፤ ስመለስም ቢሮው ውስጥ ቴክኒሻን ሆነው አገኘኋቸው። ዘንድሮም ማርች 1 ቀይና ነጩን ክር እጄ ላይ ያሰሩልኝ እሳቸው ናቸው፣ እንደየዓመቱ፤ ያበበ ዛፍ እስኪታይ አይወልቅም።

እንግዲህ ትክክለኛው ይኸው። የሳጥኑ 28 ሺህ 800 ቢት በአስር ሲካፈል በሰከንድ 2880 ባይት ነው። የከተማችን ስልክ ማዞሪያ ግን የሳጥኑን ጽሑፍ አላነበበም፤ ከ14 ሺህ 400 በላይ አገናኝቶን አያውቅም። 1440 ባይት በሰከንድ። በ1380 ሰከንድ ሲባዛ 1 ሚሊዮን 987 ሺህ 200። ሁለት ሜጋ አይሞላም! መዝገቡን ለማሳለፍ መስመሩ ሳይቆረጥ ስድስት ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ እስኪቀረው መቆየት ነበረብኝ።

የጎደለኝ አንድ ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ጥሪ በ14 ሺህ 400 መገናኘቱን የሚመሰክር ወረቀት። እሱም አለ። ባይ ላምቢ ማንኛውንም ሥራ በአረንጓዴ ደብተራቸው ይመዘግባሉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ፍጥነት፣ የመስመሩ ሁኔታ፣ የተሠራው ሥራ፣ ፊርማ። ከሬዲዮ ዘመናቸው የቀረ ልማድ ነው። እሳቸው በሌሉበት የተደረገውን ጥሪ ሳይቀር ማሽኑ ላይ አይተው ማታ ሳይሞሉ አይወጡም።

ሰኞ እሄዳለሁ። በዚያው ሳምንት ያልቃል።

ማርች 27

"ጠፋ" አሉኝ።

ወጥ ቤታቸው ውስጥ ነበርን። ትኩስ የአይብ ባኒትሳ ቆርሰው አቀረቡልኝ።

"እርስዎ? ደብተሩን?"

"እድሜ ነው ልጄ። ሁሉ ነገር ይጠፋል።"

አሥራ አምስት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ እርሳስ ሲጠፋባቸው አላየሁም። እርሳሱን በክር አስረው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚያኖሩት። ዛሬም ክሩ ከኪሳቸው ወጥቶ ነበር።

መስኮቱ አጠገብ አዲስ የቆዳ ጃኬት ተሰቅሏል፣ ሽታው ገና ያልለቀቀ። ሳየው አዩኝ። "የቬሊን ነው" አሉ። ቬሊን ልጃቸው ነው፤ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ተኝቶ ግድግዳ ሲያይ የነበረ።

"ክሩን አሁንም አላወለቅሽውም?" አሉኝ በር ላይ።

"ያበበ ዛፍ አላየሁም" አልኩ። ከጀርባዬ የጎረቤታቸው ፕለም ዛፍ ነጭ በነጭ ሆኖ ነበር።

ማርች 30

አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሁለት ሴቶች።

"የላምቢ ልጅ ሥራ ያዘ አሉ።"

"የት?"

"ለነዚያ የፍልውሃውን ቦታ ለሚገዙት። ሾፌር ነው። መኪናው ይህን ያህላል!"

"በማን በኩል?"

"እኔ ምኑን አውቄ። ሰው አለው።"

ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ባይ ላምቢ ሌሊት ልጁ እየተነፈሰ መሆኑን ለማረጋገጥ በሩን ከፍተው እንደሚያዩት ነግረውኝ ያውቃሉ። አንድ ቦታ ሥራ መያዝ ወንጀል አይደለም። ደስ ብሎኛል።

ኤፕሪል 2

እንቅልፍ የለም።

ማርች 8። ሴቶቹ ሁሉ ምሳ ላይ ነበርን። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሻርፔን ረስቼ ቢሮ ተመለስኩ። ባይ ላምቢ ብቻቸውን። የካሴት መገልበጫውን በእጄ ነካሁት፣ ሞቋል።

"እየጠረግሁት ነው" አሉ።

መዝገቡን ካሴት ላይ የምንገለብጠው አርብ አርብ ነው። ማርች 8 ረቡዕ ነበር።

ለመጥረግም ማብራት ያስፈልጋል። ሲበራ ይሞቃል። ይኸው ነው። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ኤፕሪል 5

ከክፍለ ሀገሩ መርማሪ መጣች። ሚሌቫ ትባላለች፤ አጭር፣ ጉንፋን የያዛት፣ መሐረቧን ከእጇ የማትለይ። ኢንጂነሩ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። ስሌቴን አስረዳሁ።

"ልጅት ሃያ ስምንት ሃያ ስምንት አይደለም ትለናለች!" አለ ኢንጂነሩ። "ዩኒቨርሲቲ የላክናት ቁጥር እንድታፈርስብን ነው?"

"ሃያ ስምንት ነው፤ የምን እንደሆነ ግን እርስዎ አልጠየቁም" አልኩት።

ሚሌቫ አፍንጫዋን ጠረገች። "አምቀሽ፣ አሳንሰሽ ብትልኪውስ? ፋይል ይታመቅ የለም እንዴ?"

እስካሁን የሰማሁት የመጀመሪያው አእምሮ ያለው ጥያቄ ነበር። ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። "ቢታመቅ ስድስት ሜጋ ይሆናል። ሰባ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መስመሩ ሳጥኑ እንደሚለው ቢሮጥ እንኳ ሠላሳ አምስት። የእኔ ጥሪ ሃያ ሦስት ነው።"

"ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው።"

"እንግዲያው ላሳያችሁ። በዚያው ሞደም፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው የምሳ ሰዓት። አንድ ሜጋ የታመቀ ፋይል ልላክና ሰዓት ያዙ።"

"ሰርከስ!" አለ ኢንጂነሩ።

"ሰርከስ ካየሁ ብዙ ዓመቴ ነው" አለች ሚሌቫ። "ኤፕሪል 12 ይሁን።"

ስወጣ ኮሪደር ላይ ደረሰችብኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "በሽቦ ካልወጣ በሰው ኪስ ወጥቷል ማለት ነው። ይሄ ገብቶሻል?" አለችኝ።

"ገብቶኛል።"

"የካሴቱ ቁምሳጥን ስንት ቁልፍ አለው?"

"ሦስት። የእኔ፣ የኢንጂነሩ፣ የ... የቴክኒሻኑ።"

ኢንጂነሩ ነው። እንዲህ አጣድፎ እኔ ላይ የጣለው ለምንድን ነው? እሱ ነው። እሱ መሆን አለበት።

ኤፕሪል 9

ባይ ላምቢ መጡ። እማ ሥራ ላይ ነበረች፣ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካው እሑድም ያሠራል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እንደ እንግዳ።

"ከግራትስ መልስ መጥቷል አሉ።"

"መጥቷል። ተቀብለውኛል፤ ግን ከመሥሪያ ቤት የሥነ ምግባር ወረቀት ይጠይቃሉ።"

"ወረቀቱን እኔ የማውቀው ሰው አለ፣ ይሠራልሻል። ሂጂ ልጄ። እዚህ ምን ቀረሽ? ስም? የዚህ ከተማ ወሬ ክረምት አይሻገርም። በሌላው ዓመት ሌላ ሰው ያሙበታል።"

"ስሙ የእኔ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ማቀዝቀዣው ተነሳ፣ ቆመ።

"ረቡዕ ሞደሙን ማን ያስነሳልሻል?" አሉ በመጨረሻ።

"እርስዎ" አልኳቸው። "መርማሪዋ ተከሳሿ እንዳትነካው ብላለች።"

አላለችም። ሚሌቫ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣትም። ራሴ ላስነሳው እችል ነበር፤ ስልክ ድርጅቱም ሰው ይልክልኝ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ጥሩ ቴክኒሻን ስለሆኑ ነው። ከእሳቸው የተሻለ የለም።

ባርኔጣቸውን አደረጉ። "እሺ" አሉ። "እኔ አስነሳዋለሁ።"

ኤፕሪል 11

ነገ። ፋይሉ አንድ ሚሊዮን ባይት። በ1440 ሲካፈል 694 ሰከንድ፤ 11 ደቂቃ ከ34። ወረቀት ላይ ጽፌ ፖስታ ውስጥ አሸግኩት። እማ ነጩን ሸሚዜን ተኮሰችው።

ኤፕሪል 12

እንደሆነው ልጻፈው።

ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ስምንት ሰው ነበርን። ሚሌቫ የታሸገውን ፖስታ ፊቷ አስቀመጠች። ኢንጂነሩ ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ባይ ላምቢ የክት ሸሚዛቸውን ለብሰዋል። መስመሩን ደወሉ። ሞደሙ ጮኸ፣ አንገራገረ፣ ዝም አለ። ማሽኑ ላይ ቁጥሩ ወጣ፤ 14400።

"ሳጥኑ 28.8 አይልም እንዴ?" አለ ኢንጂነሩ።

"ሳጥኑ ይላል፤ ማዞሪያው አይልም" አሉ ባይ ላምቢ።

ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው አረንጓዴውን ደብተር አወጡ።

እንደማንኛውም ቀን። አንድ እጃቸው ገጹን ገለጠ፣ ሌላው እርሳሱን በክሩ ስቦ አወጣ። ቀኑን ጻፉ። ሰዓቱን ጻፉ። ፍጥነቱን ጻፉ። ፋይሉን ለቀቁት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ረጅም ነው። ማያው ላይ ቁጥሩ እንደ ጠብታ ይጨምራል። በሦስተኛው ደቂቃ ኢንጂነሩ በጣቶቹ ማንኳኳት ጀመረ። በአምስተኛው አቆመ። በሰባተኛው ሚሌቫ ማያውን ትታ ኢንጂነሩን ታየው ጀመር፤ እሱም ቀስ ብሎ ቀላ፤ ሲገባው አየሁ። አንድ ሜጋ ይህን ያህል ከፈጀ ሠላሳ አንዱ ምን ያህል እንደሚፈጅ ማንኛውም ልጅ ያውቃል።

እኔ ይህን ሁሉ ማየት ነበረብኝ፤ የጠበቅሁት ይህን ነበር። እኔ ግን የማየው ደብተሩን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተኝቷል። ቦርሳቸው እግራቸው ሥር አፉን እንደከፈተ ነው። አንድ ቃል ብናገር፣ ባስል፣ በዓይኔ እንኳ ባመለክት ይመልሱት ነበር። ከአጠገባቸው ነው የቆምኩት። በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ በዚያ ሽቦ አንድ ሚሊዮን ፊደል አለፈ። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቢት ብቻ ነበር።

አለቀ። አሥራ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት። ሚሌቫ ፖስታውን ቀደደች፣ አነበበች፣ ለሌሎቹ አሳለፈች። "እሺ" አለች። "በስልክ አልወጣም።"

ባይ ላምቢ የመጨረሻውን መስመር ጽፈው ፈረሙ። እርሳሱን ኪሳቸው መለሱ። ደብተሩን ግን አልመለሱትም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ሚሌቫ።

"መዝገቤ ነው።"

"ጠፍቷል የተባለው?"

"ተገኘ" አሉ ባይ ላምቢ።

ወደ ኋላ ገለጠችው። ማርች 9 ከታች በኩል ነበር፤ 14400፣ ሃያ ሦስት ደቂቃ፣ መስመሩ ይንጫጫል፣ የዞርኒትሳ የግል ጉዳይ። ጣቷ ከእኔ መስመር ወደ ላይኛው ወጣና እዚያው ቆመ። ጮክ ብላ አነበበችው። "ማርች 8። የካሴት ግልባጭ። ሙሉ መዝገብ፣ 31 ሜጋ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። አንድ ቅጂ ወጪ።" ከዚያ ፊርማ።

ኢንጂነሩ ሰዓቱን እጁ ላይ ሊያስር ሞክሮ አልሆንለት አለ።

ባይ ላምቢ አላዩኝም። ኮታቸውን ከመስቀያው አወረዱና እጅጌውን ሲፈልጉ ሲፈልጉ ቆዩ። ተጠግቼ ላግዛቸው አሰብኩ። አልተጠጋሁም።

ኤፕሪል 13

አጭበርባሪ እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን "እኔ ነኝ" ማለት ይችሉ ነበር። ስሜን ዳቦ ቤት ሲጎትቱት ሰምተዋል። ባኒትሳ ቆርሰው አብልተውኛል። አልጸጸትም።

አልጸጸትም።

ኤፕሪል 20

ወደ ሥራ እንድመለስ ደብዳቤ ደረሰኝ። "ትንሽ ቸኩለናል ዞሪ" አለኝ ኢንጂነሩ፣ ትከሻዬን ሊነካ እጁን ዘርግቶ። ወደ ኋላ አልኩ። የሥነ ምግባር ወረቀቴን እዚያው ቆሜ አስፈረምኩት፣ በዚያችው በሚከፍታትና በሚዘጋት እስክሪብቶ።

ዳቦ ቤት ሌሊያ ፔናን አገኘኋቸው።

"አንቺ አይደለሽም አሉ።"

"አይደለሁም።"

"እሺ። መሬቴ ግን ሄዷል።" ዳቦአቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ፊርማ ፊርማ ነው ብሏል ሕግ አዋቂው፤ የፈረሙት ሁሉ እንደፈረሙ ቀሩ።

ቬሊን ተባሯል። እንደገና ተኝቷል ይላሉ። ባይ ላምቢ ምርመራ ላይ ናቸው፤ አሁን የልጁን በር ማን ከፍቶ እንደሚያይ አላውቅም።

እማ ሻንጣዬን ከአልማሪያው ላይ አውርዳ አቧራውን ጠርጋዋለች። ማውረዷን አልነገረችኝም፤ አልጋዬ ላይ አገኘሁት።

ኤፕሪል 27

ነገ በባቡር እሄዳለሁ። ፕለሙ አብቦ ረግፏል፤ ክሩ ግን እጄ ላይ ነው፣ ነጩ ወደ ግራጫ ተለውጦ። አበባ ያለው ዛፍ ላይ መታሰር ነበረበት።

ሚሌቫ የጉዳዬን መዝገብ ስትዘጋ እኔን የሚመለከተውን ገጽ እንድገለብጥ ፈቀደችልኝ። የማርች 9ኙን ገለበጥኩ። ከዚያ ሳልጠየቅ የመጨረሻውንም ገለበጥኩ፣ ያን ቀን በፊታችን ጎንበስ ብለው የጻፉትን። እንዳለ ይኸው፦

"ኤፕሪል 12። 6፡43። 14400። 1 ሜጋ። የተገመተው 11 ደቂቃ ከ34፣ የፈጀው 11 ከ52። የዞርኒትሳ ስሌት ልክ ነው። ልዩነቱ 18 ሰከንድ፤ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፣ የእሷ አይደለም።"